በተስቦ ዘመን የእግር ኳስ ጨዋታ

በቁስቋምና በአካባቢው ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለመምህራኖቻቸው የተዘጋጀ ትምህርት

ጨዋታ ለወጣት ሰውነት እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ልብን ያበረታል፤ ሳንባን ያጠነክራል፤ አጥንትን ያጸናል። ከዚህም በላይ ከባልንጀራ ጋር ተስማምቶ መሥራትን፣ ሲሸነፉ ቂም አለመያዝን፣ ሲያሸንፉ አለመታበይን ያስተምራል። ዳሩ ግን ሃያ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሜዳ ሲሮጡ፣ በዙሪያቸውም ባልንጀሮቻቸው ተጠጋግተው ቆመው ሲጮኹ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ ተስቦ የገባ እንደ ሆነ ይኸው መልካም ነገር ለበሽታ መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር የምንመረምረው ጥያቄ፣ ተስቦ በገባ ጊዜ ተማሪዎች ኳስ ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ የሚለው ብቻ አይደለም፤ እንዴት ቢጫወቱ ራሳቸውንና ቤተ ሰባቸውን ይጠብቃሉ የሚለው ጭምር ነው።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

አገራችን ከሳንባ ተስቦ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በከተማው ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው የሰየሙት ይህ ነው። ያ በሽታ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይሆን በጉልበታቸው የሚመኩትን ጎልማሶችም እጅግ በብዛት ገድሏል። እንግዲህ «እኔ ወጣት ነኝ፤ ምን ይነካኛል» የሚል ተማሪ ይህን ታሪክ ያስታውስ።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከቁስቋም እስከ ሽሮ ሜዳ በየደጃፉ ቆሻሻ ሲቃጠል የምናየው ከዚያ መከራ የቀረ ልማድ ነው። ሰፈርን መጥረግ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጢሱ በትንፋሽ የሚተላለፈውን በሽታ አይገድልም፤ ይልቁንም ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ በዚያን ዕለት ጢሱ ሳይበተን ኳስ መጫወት አይገባም።

ከ101 ዓመት በኋላ የኮቪድ ወረርሽኝ መጣ። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ የስፖርት ውድድሮችም እንዲቆሙ ታዘዘ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የዚያ ዓመት ውድድሩ ሳይፈጸም ተሰረዘ። የበሽታው ምርመራ በአገር ውስጥ የተጀመረው እዚሁ በጉለሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ተከፈቱ፤ ሊጉም ቡድኖችን በጥቂት ከተሞች እየሰበሰበ እንደገና ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ እንዳበቃ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስታወቀ። ይህ ማለት ግን ቫይረሱ ጠፋ፣ ሌላም ወረርሽኝ አይመጣም ማለት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ትምህርቱን መያዝ የሚገባን በደኅናው ጊዜ ነው።

በሽታው በጨዋታ ላይ እንዴት ይተላለፋል?

የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያነጥስ፣ ሲጮህና አጥብቆ ሲተነፍስ ከአፉና ከአፍንጫው ረቂቅ ጠብታዎች ይወጣሉ። ትላልቆቹ በቅርብ ይወድቃሉ፤ ትናንሾቹ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ ምድጃ ጢስ ይጠራቀማሉ፤ በገላጣ ሜዳ ግን ነፋስ ይበትናቸዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ለቁስቋም ልጆች ያለ ዋጋ የተሰጠ ረዳት ነው።

በዴንማርክ አገር የከፍተኛው ሊግ ግጥሚያዎች በተመረመሩ ጊዜ፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ከሌላው ተጫዋች ከአንድ ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት የሚቆየው በአማካይ ሁለት ደቂቃ እንኳ እንደማይሞላ ታወቀ። ከዚህ የምንረዳው፣ ኳሱ በሚሽከረከርበት ሰዓት ያለው አደጋ ብዙ ሰው እንደሚፈራው ያህል አለመሆኑን ነው። አደጋው የሚበዛው ከፊሽካው በፊትና ከፊሽካው በኋላ ነው። ይኸውም፤

1ኛ/ በጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ ልብስ ሲቀየር፤
2ኛ/ ቡድኑ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ክብ ሠርቶ ሲማከር፤
3ኛ/ በእረፍት ጊዜ አንድ የውሃ ኮዳ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር፤
4ኛ/ ጎል ሲገባ ሁሉ በአንዱ ላይ ሲከመር፤
5ኛ/ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ታጭቆ እየዘፈኑ ሲሄዱና ሲመለሱ፤
6ኛ/ ደጋፊዎች በሜዳው ዳር ተጣብቀው ሲጮኹ።

ልብ በሉ፤ ከነዚህ ከስድስቱ አንዱ እንኳ ለጨዋታው የግድ የሚያስፈልግ አይደለም። ስድስቱንም ብናስቀር ኳሱ ኳስ መሆኑ አይቀርም።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ከጨዋታ በፊት፦ ተጫዋቹ ማልያውን ከቤቱ ለብሶ ይምጣ። መምህሩ ወይም አምበሉ እያንዳንዱን ተማሪ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የሰውነት መቆረጣጠም፣ የማሽተት ኀይል ማጣት እንዳለበት ይጠይቅ፤ በቤቱም የታመመ ሰው መኖሩን ያጣራ። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ወደ ቤቱ ይመለስ። እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። ቧንቧው ውሃ በሌለው ቀን ከሜዳው ዳር አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ ሳሙና ይቀመጥ፤ አንዱ በጆግ እያፈሰሰ ሌላው ይታጠባል። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ኀላፊ ተማሪ መመደብ ነው።

በጨዋታ ጊዜ፦ ምክር የሚሰጠው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቆ በመቆም ነው። በሜዳ ላይ መትፋት፣ በእጅ መናፈጥ፣ በጣት አፍን መንካት ክልክል ይሁን። በረኛው ጓንቱን በምራቁ ማራስ ልማድ ካለው ይተው። ጎል ሲገባ እጅን ወደ ላይ ማንሣት ይበቃል። ልምምዱ ሁልጊዜ በቋሚ ጥቂት ተጫዋቾች በተከፈለ ክፍል ይሁን፤ አንዱ ቢታመም መላው ትምህርት ቤት ሳይሆን ያ ክፍል ብቻ ይለያልና።

የመጠጥ ውሃ፦ እያንዳንዱ ተጫዋች ስሙ የተጻፈበት የራሱ ኮዳ ይኑረው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህ ልማድ ወረርሽኝ በሌለበትም ጊዜ የተለመደ ሆኖ አይተነዋል። በእኛ አገር ከአንድ ዕቃ መጠጣት የፍቅር ምልክት ነው፤ ዳሩ ግን ለባልንጀራ የራሱን ውሃ መሙላት ከዚህ የበለጠ ፍቅር መሆኑን ወጣቶቻችን ይወቁ። ፎጣም እንደዚሁ የየራስ ነው።

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፦ በጉዞ ጊዜ፣ በክፍል ውስጥ፣ ተቀያሪ ሆኖ ሲቀመጡና ደጋፊ ሆኖ ሲቆሙ መሸፈኛ ይደረግ። በሩጫ ጊዜ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ዘመን እንደ መከረው አይደረግም፤ በላብ ሲርስ ትንፋሽን ያውካልና። ይህ ምክር ለቁስቋም ልጆች ይልቁን ይሠራል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው።

የተጫዋች መቀያየር፦ የዓለም እግር ኳስ ሕግ አውጪዎች በ2012 ዓ.ም. በአንድ ግጥሚያ አምስት ተጫዋች እንዲቀየር የፈቀዱት ውድድሮች ተጨናንቀው የተጫዋቾች ሰውነት እንዳይጎዳ ነው። የእኛም አሠልጣኞች ወራት ሙሉ ቤት ተቀምጦ የመጣን ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ግጥሚያ አያጫውቱት።

ትኩሳቱን ስለሚደብቅ ተጫዋች

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ አንድ ነገር ሊያፈርሰው ይችላል፤ እርሱም ሕመምን መደበቅ ነው። የፍጻሜው ግጥሚያ ለነገ ተቀጥሯል፤ አጥቂው ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሯል። ቢናገር ቦታውን ሌላ ይወስድበታል፤ ዝም ቢል ይጫወታል። እንግዲህ ልጁ ዝም ቢል የሚፈረድበት በእርሱ ብቻ ነውን? እኛ እንደሚመስለን ፍርዱ አስቀድሞ አሠልጣኙን ያገኘዋል። ሕመሙን የተናገረ ተጫዋች ቦታውን እንደማያጣ አሠልጣኙ በዓመቱ መጀመሪያ በመላው ቡድን ፊት ቃል ይግባ፤ ሲድንም ቃሉን ይፈጽም። እውነት መናገር የሚያስከስር በሆነበት ቡድን ውስጥ የትኩሳት መለኪያ መሣሪያ ብቻውን ምንም አይረባም።

ልጁም በበኩሉ ማታ የሚገባበትን ቤት ያስብ። በሰፈራችን ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ተጠጋግቶ ያድራል። አያት ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ መደብ ትተኛለች። ኮቪድ ወጣቱን ብዙ ጊዜ በቀላሉ አልፎታል፤ በዕድሜ የገፉትን፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸውን ግን አጥብቆ ጎድቷል። ሰውየው ሕመሙ ሳይሰማው ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ማስተላለፍ ስለሚችል፣ «ደኅና ነኝ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከሜዳ የተመለሰ ተማሪ እጁንና ፊቱን ይታጠብ፤ ልብሱን ይቀይር፤ መስኮት ይክፈት፤ ወረርሽኙ ባየለበት ወራት ከአያቱ ጋር በአንድ መደብ መተኛቱን ይተው። ክትባት ሲገኝም አስቀድመው ለአረጋውያን እንዲያገኙ ይርዳ፤ በአገራችን የኮቪድ ክትባት መሰጠት የጀመረው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነበር።

ከሕመም በኋላ ወደ ሜዳ መመለስ

ከኮቪድም ሆነ ከብርቱ ኢንፍሉዌንዛ የዳነ ወጣት ወዲያው ወደ ግጥሚያ አይመለስ። ቫይረሱ አልፎ አልፎ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል፤ በተቆጣ ልብ መሮጥ ደግሞ ድንገተኛ ሞት ሊያመጣ ይችላል። የጤና ባለሥልጣን የሚያዘው የመለያ ቀን ከተፈጸመና የሕመም ምልክቱ ከለቀቀው በኋላ፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል ይመለስ፤ መጀመሪያ በእግር መሄድ፣ ቀጥሎ ዝግ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ ብቻውን ከኳስ ጋር መለማመድ፣ ከዚያም ከቡድኑ ጋር ያለ ግፊያ መለማመድ፣ በመጨረሻም ግጥሚያ። ሕመሙ ከጀመረው ወደ ኋላ ይመለስ። ደረቱን የወጋው፣ ልቡ ያለ ልክ የመታበት፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም በሩጫ ላይ ራሱን የሳተ ወጣት ያለ ሐኪም ፈቃድ ኳስ አይንካ። የልብ ጡንቻው መቆጣቱ በምርመራ ከታወቀ ዕረፍቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል።

በአገራችን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልብ በሮቻቸው የተጎዱ ብዙ ወጣቶች ስላሉ፣ ወላጆች ይህን ምልክት «ድካም ነው» ብለው አይለፉት።

ጨዋታው ፈጽሞ የሚቆምበት ጊዜ

በሽታው አዲስ ሲሆንና ጠባዩ ገና ሳይታወቅ፣ ሐኪም ቤቶች በሕመምተኛ ሲጨናነቁ፣ ወይም መንግሥት መሰብሰብን ሲከለክል፣ ውድድር ይቁም። በዚያን ጊዜ ተማሪው በግቢው ገመድ ይዝለል፤ ኳሱን ከግንብ ጋር ይለማመድ፤ ማለዳ ወደ ባሕር ዛፉ ዳገት ብቻውን ወይም ከወንድሙ ጋር ይሩጥ። ሲፈቀድ ግን ያለ ምክንያት ማዘግየት አይገባም፤ ወጣትን ለረጅም ጊዜ ከጨዋታና ከባልንጀራ መለየት ሰውነቱንም ልቡናውንም ይጎዳልና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ የሚያሠጋው ስለ ምንድን ነው?
2/ በሜዳችሁ ውሃ በሌለ ቀን እጅ የሚታጠቡት እንዴት ነው? ኀላፊውስ ማን ነው?
3/ ሕመሙን የተናገረ ተጫዋች በቡድናችሁ ምን ይደርስበታል?
4/ ከሕመም የተነሣ ወጣት ወደ ግጥሚያ ለመመለስ የሚያልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች ዘርዝሩ።
5/ በቤታችሁ በሽታው ቢገባ አጥብቆ የሚጎዳው ማንን ነው? እርሱንስ ለመጠበቅ ዛሬ ማታ ምን ታደርጋላችሁ?

መምህራን እነዚህን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ እንዲያወያዩባቸው፣ አምስተኛውን ግን እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ወስዶ ከወላጆቹ ጋር እንዲመክርበት እናሳስባለን።