ለአል-ላት የተጠየቀው ሦስት ዓመት

 

የጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ሲነሱ ብዙዎቻችን አላህን ጭራሽ የማያውቁ ሰዎች ይመስሉናል። አልነበሩም። ሰማይና ምድርን ማን ፈጠረ ቢባሉ መልሳቸው «አላህ» ነበር፤ ይህን ቁርኣን ራሱ ይነግረናል (ሱረቱ ሉቅማን 25)። ጣዖታቱን የያዟቸው ወደ አላህ ያቃርቡናል ብለው ነው (ሱረቱ አዝ-ዙመር 3)። ስለዚህ ከብዙ አማልክት ወደ አንዱ አላህ መምጣት ለእነሱ አዲስ ስም መማር አልነበረም፤ የለመዱትን መልቀቅ ነበር። የከበዳቸውም እሱ ነው።

የጧኢፍን ሰዎች እንይ። ጧኢፍ ከመካ ወጣ ብላ ተራራ ላይ ያለች፣ ወይን የሚበቅልባት ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ሰቂፍ የሚባል ጎሳ ነበሩ፤ ጣዖታቸው ደግሞ በሱረቱ አን-ነጅም የተጠቀሰችው አል-ላት። ድንጋይ ናት፤ ግን ቤት የተሠራላት፣ ጠባቂ ያላት፣ ወርቅና ስጦታ የሚጎርፍላት ድንጋይ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሂጅራ በፊት ለዳዕዋ ሲሄዱ በድንጋይ ያባረሯቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ተከፍታ በከዕባ ዙሪያ የነበሩት 360 ጣዖታት ወደቁ። ሰቂፎች ግን አሁንም እጅ አልሰጡም። ከታላላቆቻቸው አንዱ ዑርዋ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ሰልሞ ወገኖቹን ለመጥራት ሊመለስ ሲል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይገድሉሃል ብለው አስጠነቀቁት። እሱ በወገኖቹ ዘንድ ያለውን መወደድ ተማምኖ ሄደ። በቀስት ወግተው ገደሉት።

በቀጣዩ ዓመት፣ በረመዷን፣ ዙሪያቸው ያለው ዐረብ ሁሉ ሲሰልም ብቻቸውን መቅረታቸውን አይተው ልዑካን ወደ መዲና ላኩ። መስጂዱ አጠገብ ድንኳን ተተከለላቸው። ቁርኣን ሲቀራ እየሰሙ፣ ሶሓቦች ሲሰግዱ እያዩ ሰነበቱ። ለመስለምም ተስማሙ። ግን ልመና ነበራቸው፦ አል-ላት ለሦስት ዓመት ትቆይልን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እምቢ አሉ። እሺ አንድ ዓመት። እምቢ። መጨረሻ ላይ አንድ ወር ብቻ አሉ። አሁንም እምቢ።

እኔን ሁሌም የሚያስቆመኝ ይህች «አንድ ወር» ናት። ሰዎቹ ድንጋይዋ እንደማትጠቅም ገብቷቸዋል። ምክንያታቸው ሴቶቻችንና ልጆቻችን እንዳይደነግጡብን የሚል ነበር። አንገቱ ላይ ክታብ ያንጠለጠለ ጓደኛዬን ለምን አታወልቀውም ስለው «እናቴ እንዳትከፋ ነው፣ ለጊዜው ይቆይ» ብሎኝ ያውቃል። እሱም እንደማይጠቅመው ያውቃል።

ከሰላት እንዲቀነስላቸውም ጠይቀው ነበር፤ ሰላት የሌለበት ዲን ኸይር የለውም ተባሉ። የተፈቀደላቸው ነገር በገዛ እጃቸው እንዳያፈርሷት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በተውሂዱ አልተደራደሩም፤ የሰዎቹን ድካም ግን አይተውላቸዋል። ይህን ልዩነት ዛሬ ዳዕዋ የምናደርግ ወጣቶች ብዙ ጊዜ እንስተዋለን።

ከልዑካኑ በዕድሜ ትንሹ ዑስማን ኢብን አቢል-ዓስ (ረ.ዐ) ነበር። ታላላቆቹ ቀትር ላይ ሲተኙ እሱ ሹልክ ብሎ ቁርኣን ይማር ነበር። በጧኢፍ ላይ አሚር የተደረገው እሱ ነው፤ መስጂዱንም ጣዖቶቻቸው በነበሩበት ቦታ እንዲያሠራ ታዘዘ።

አል-ላትን እንዲያፈርሱ አቡ ሱፍያንና ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) ተላኩ። ሙጊራ የሰቂፍ ልጅ ነው፤ የተገደለው ዑርዋም አጎቱ። የሰቂፍ ሴቶች ራሳቸውን ሳይሸፍኑ እያለቀሱ ወጡ። ሙጊራ ላይዋ ወጥቶ በመዶሻ መታት። ምንም አልሆነም። ድንጋይ ተሰበረ፣ በቃ።

ከቤቷ የወጣው ወርቅና ጌጥ ተሰበሰበ። የዑርዋ ልጅ አባቱ ዕዳ ጥሎ እንደሞተ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግሯቸው ነበርና፣ ዕዳው ከአል-ላት ገንዘብ ተከፈለ።