ስድስት ኪሎ፤ ገነተ ልዑልን ሳይቸኩሉ ለመጎብኘት

አዲስ አበባ ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ የት ልሂድ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ስድስት ኪሎ እለዋለሁ። እንጦጦ አየሩ መልካም ነው፤ መርካቶም መታየት ያለበት ገበያ ነው። ነገር ግን ያለፈው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ በአንድ አጥር ውስጥ ተሰብስቦ የሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ቦታው ገነተ ልዑል የተባለው የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ፋሺስት ኢጣሊያ ሲገባ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ፤ የየካቲት 12 እልቂት የጀመረው ከደጃፉ ነው፤ በታኅሣሥ ግርግር ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑት በሳሎኑ ውስጥ ነው፤ በኋላም የተማሪው ንቅናቄ ዋና መናኸሪያ ሆነ። አብዛኛው ጎብኚ ግን በቀጥታ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ሙዚየም ገብቶ፣ የጃንሆይን አልጋ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ይህ ያሳዝነኛል። ከቤቱ ውስጥ ያለውን በደንብ ለማየት፣ ከቤቱ ውጭ የሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከአደባባዩ ይጀምሩ።

ታክሲው ስድስት ኪሎ ሲደርስ "ወራጅ አለ" ብለው ይውረዱና ወደ የካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ይሻገሩ። መኪናው ብዙ ስለሆነ ሲሻገሩ ይጠንቀቁ። ከሩቅ ሲያዩት ወደ ላይ የተመዘዘ ነጭ ድንጋይ ብቻ ይመስላል፤ ነገሩ ያለው በድንጋዩ ዙሪያ በተቀረጹት የነሐስ ምስሎች ላይ ነው። ከአንድ ጎን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ ዞረው ይመልከቱት። የሚገደሉትን፣ የወደቁትን፣ ሙት የሚያነሱትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ይዩ። ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቪያውያን ናቸው። ኒው ዮርክ የሚኖር አንባቢ የአውጉስቲንቺችን ሌላ ሥራ ሳያውቀው አይቶት ይሆናል፤ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያለችው ፈረሰኛዋ የሰላም ሐውልት የእሱ ናት።

ምስሎቹ የሚናገሩት ይህን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ሩዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣሊያን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ለከተማው ድሆች ምጽዋት ለመስጠት በገነተ ልዑል ግቢ ሕዝብ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች ከተማውን በእሳትና በጥይት ፈጁት፤ ሰው በጎጆው እንዳለ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ ስለ እልቂቱ ብዙ ዓመት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሰዋል። ቂሙ በአዲስ አበባም አልበቃ ብሎ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ከሐውልቱ ሥር ቆመው ይህን ካሰቡ በኋላ ወደ ግቢው ይሻገሩ።

በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ግቢው የሚማሩበትና የሚሠሩበት ቦታ ስለሆነ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ ግድ ነው፤ ቦርሳም ይፈተሻል። "ሙዚየም ነው የምሄደው" ካሉ መንገዱን ያሳዩዎታል። ትልቅ ሻንጣና ብዙ የካሜራ ዕቃ ባይዙ ይሻላል። ለመግቢያ ጥሬ ብር በእጅዎ ይኑር፤ ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥና ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው ስለሚለያይ እዚያው ይጠይቁ። የሚከፈትበትን ሰዓትም፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ቀድሞ ማጣራት ጥሩ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የገባ ሰው ሳይጣደፍ ያያል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም፤ የሐምሌና የነሐሴ ጎብኚ ውጭውን በጠዋት ይጨርስ።

ወደ ሙዚየሙ ሲጠጉ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ያያሉ። እየተጠማዘዘ ይወጣና በአየር ላይ ያበቃል። ብዙ ሰው ተደግፎት ፎቶ ይነሳና ምንነቱን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ደረጃውን የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን አደረጉለት። ቤተ መንግሥቱን የቀማው ሰው የግዛት ዘመኑን ቁጥር በባለቤቱ ደጅ ተከለ ማለት ነው። አሁን ወደ ጫፉ ቀና ብለው ይመልከቱ። ከመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ነፃነት ሲመለስ ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር፤ አላፈረሱትም፤ አንበሳውን አስቀመጡበት። በአዲስ አበባ ካሉት ሐውልቶች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው። ልጆች ይዘው ከመጡ እርከኖቹን ይቁጠሩ፤ ታሪኩን የሚይዙት እንዲያ ነው።

ከደረጃው ዘወር ሲሉ የቤቱን መግቢያ ያዩታል። የካቲት 12 ቀን ግራዚያኒና ሹማምንቱ የቆሙት በዚህ በኩል ነበር፤ ድሃው ደግሞ አሁን እርስዎ በቆሙበት ሜዳ። ቤቱን ንጉሠ ነገሥቱ ያሠሩት ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስት ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ፤ ቤቱም ቤተ መንግሥትነቱን ቀጠለ።

ይህም እስከ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ድረስ ነበር። ጃንሆይ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። ሚኒስትሮችንና መኳንንቱን እዚህ ቤት ውስጥ አገቱ፤ ሙከራው ሲከሽፍ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ተኮሱባቸው። ከሞቱት መካከል ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ራስ አበበ አምስቱን ዓመት ዱር ገደሉን ቤቴ ብለው ጠላትን የተዋጉ አርበኛ ናቸው፤ ከጠላት ጥይት ተርፈው ጠላት በለቀቀው ቤት በወገን ጥይት ወደቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ሙዚየሙን የያዘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ የሙዚየሙን ቅርስ በማሰባሰብ ደግሞ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

አሁን ይግቡ።

የዚህ ሙዚየም ትልቁ ብልሃት አደራደሩ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የሐመር፣ የአፋር እየተባለ በየክፍሉ ይከፋፈል ነበር። እዚህ ግን ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ልደትና ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞትና ከሞት ወዲያ። የአንዱ ሕዝብ ማዘያ ከሌላው ማዘያ አጠገብ፣ የአንዱ የሠርግ ጌጥ ከሌላው ጌጥ ጎን ይታያል። ያደጉበትን ቤት ዕቃ ከማያውቁት ሕዝብ ዕቃ አጠገብ ሲያዩት የሚመሳሰለው እንደሚበዛ ያስተውላሉ። በሞት ክፍል የኮንሶ ዋካዎች ቆመዋል፤ ለጀግና መቃብር የሚቀረጹ የእንጨት ምስሎች ናቸው፤ ጀግናው ከሚስቶቹና ከገደላቸው ጠላቶቹ ወይም አውሬዎች ጋር አብሮ ይቀረጻል። በየመቃብሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ተሰርቀው ወደ ውጭ ስለወጡ፣ እዚህ በአገራቸው የቀሩትን ሳያዩ አይለፉ።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ሪያድ ያደጉ ልጆች ይዘው የመጡ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ፤ አያት ካሉ አብረው ይምጡ። የመስታወቱ ውስጥ ጽሑፍ የዕቃውን ስም ይነግራል፤ እማማ ግን ወተቱ እንዴት እንደሚናጥ፣ ግራምጣው ተሰንጥቆ መሶቡ እንዴት እንደሚሰፋ በእጃቸው ያሳያሉ። ገጠር ላደገ ሰው እነዚህ ክፍሎች ወግ ያስጀምራሉ፤ ልጆቹም የሚያዳምጡት ያንን ነው።

የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታና መታጠቢያ ክፍሎች በዚሁ ሕንፃ አሉ። ከጠበቁት በላይ ቀለል ብለው ያገኟቸው ይሆናል። አልጋውን ካዩ በኋላ መስታወቱን ይፈልጉ፤ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለበት፤ የታኅሣሡ ግርግር ምልክት ነው። ስለ ሳሎኑ ከላይ የነገርኩዎት ታሪክ እዚህ ላይ ይታይዎታል።

ከሙዚቃ መሣሪያዎቹ ዘንድ በገናው ጋ ትንሽ ይቁሙ። ዐሥር አውታር አለው። አውታሮቹ ድልድዩን በሚነኩበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ገብተዋል፤ በዐቢይ ጾም በሬዲዮ የሚሰሙት ያ የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚወጣው አውታሩ ከእንዚራው ጋር ሲርገበገብ ነው። ከመሰንቆው ጋር ያነጻጽሩት፤ መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ይዞ ስንቱን ያስለቅሳል።

ሰው ደክሞት የሚዘላቸው ሥዕሎቹን ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ዘለው እነሱን ቢያዩ እመርጣለሁ። የተቋሙ የሥዕለ አድኅኖ ስብስብ በአገሪቱ ካሉት ታላላቆች አንዱ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር ካደረጉ ወዲህ ሥዕሉ በዛ፤ የዚያ ዘመን ታላቅ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ነው። በእንጨት ላይ የተሣሉትን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ተከፋች ሥዕሎች ሲያዩ መካከለኛው ላይ እመቤታችን ከልጅዋ ጋር፣ ከጎንዋ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው፣ አጠገቧ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። የጥንቱ ሠዓሊ ደግ ሰውን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሥላል፤ ክፉውን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ካወቁ ጽሑፍ ሳያነቡ ታሪኩን ይከተላሉ። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ በአንገት የሚንጠለጠሉ ናቸው፤ ጠጋ ብለው የመንገደኛ ጣት ያለዘበውን ጠርዛቸውን ይዩ። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቢፈቀድም ብልጭታውን ያጥፉ፤ ብርሃን ቀለሙን ይጎዳዋል።

ሲወጡ ቶሎ ወደ በሩ አይሂዱ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ተማሪው ሲመላለስ ይዩ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ሲገደል ጓደኞቹ አስከሬኑን ያመጡት ወደዚህ ግቢ ነበር፤ በማግስቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኩሰውባቸው ሌሎች ተማሪዎችም ሞቱ። በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት ከዚህ ግቢ ብዙ ጉልበት አግኝቷል።

ጊዜ ከተረፈዎት ወደ ታች በእግር ወርደው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምን ማየት ይችላሉ፤ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የምትጠበቀው እዚያ ነው። ሁለቱን ሙዚየም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ በመካከል ምሳ ይብሉ እንጂ አያያይዟቸው። ጥቁር ጋማ ባላቸው አንበሶቹ ስለሚታወቀው አንበሳ ግቢ ደግሞ ክፍት መሆኑን ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ። ለሀበሻ ልብስ የመጣ ሰው ወደ ላይ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄደውን ታክሲ ይያዝ፤ ጥበቡን ከሸማኔው እጅ ማግኘት የሚቻልበት ገበያ ነው፤ ዋጋ ይከራከሩ፣ ጥለቱንም በፀሐይ ብርሃን ይዩት።

ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው ሁለት ወቅቶችን ያስብ። ጥር 10 እና 11 ከሆነ ታቦታቱ የሚያድሩበት ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው፤ ነጭ ለብሰው በጠዋት ይውጡ። የካቲት 12 ከሆነ ደግሞ ጠዋት በሐውልቱ ሥር አበባ ይቀመጣል፤ አባት አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ጎፈራቸውን አድርገው ይመጣሉ። አደባባዩ በሰው ስለሚሞላ አራት ኪሎ ላይ ወርደው በእግር ይምጡ፤ ሙዚየሙን በማግስቱ ያድርጉት።