ቡትሱ ራስ ዳሽን ደርሶ ይመለሳል ወይ?

ከአምባ ጊዮርጊስ ተነስቶ ስሜንን ሊወጣ ያሰበ ሰው የተራራ ቡትስ የሚያገኘው ወይ ጎንደር ወርዶ ከሰልባጅ ገበያ ነው፣ ወይ ቱሪስት ትቶለት ከሄደ ወዳጁ ነው። ቆዳው ያምራል፣ የጎማው ጥርስ አልተበላም፣ ዋጋውም ከአዲሱ ብዙ ይቀንሳል። ታዲያ ደባርቅ ላይ ደህና የነበረ ጫማ ጨነቅ ካምፕ ሲደርስ ሶሉ ተገንጥሎ የሚንጠለጠለው ለምንድን ነው?

በኪሎ ሜትር ከተሰላ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ቀለል ያለ የስፖርት ዓይነት የተራራ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር፣ ወፍራም የቆዳ ቡትስ ደግሞ 1,000 እና ከዚያ በላይ ያስኬዳል ይባላል። 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአሜሪካውን የአፓላቺያን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱት ብዙዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ጥንድ ይጨርሳሉ። ከደባርቅ ራስ ዳሽን ደርሶ መልስ በእግር 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ ጫማ የሚጨርሰው ርቀቱ ሳይሆን የጫማው ዕድሜ፣ ቁልቁለቱና እሳቱ ነው።

አንደኛ፦ ከመግዛትዎ በፊት ዕድሜውን ይመርምሩ። በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ስፖንጅ አለ። ብዙ ቡትስ ላይ ይህ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። ፖሊዩሬቴን ከአየር እርጥበት እየሳበ ከውስጥ ይበላሻል፤ ጫማው ሳይደረግ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ አይቀርለትም። ስለዚህ ሻጩ «አልተደረገም» ብሎ ቢምል ስለ ስፖንጁ ምንም አልነገረዎትም። ተረከዙ ጎን ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ጤነኛ ከሆነ ገባ ብሎ ይመለሳል። ካረጀ ወይ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ ወይ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ቀጥሎ ጫማውን ከጣቶቹ በኩል አጥፈው ሶሉና ቆዳው የተጋጠሙበትን መስመር ይዩ፤ ክፍተት ካለ ይተዉት። አንዳንዱ ጫማ ከምላሱ ሥር በተሰፋው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ስላለው እሱንም ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው። የሚለኩት ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ ወፍራም ካልሲ አድርገው ይሁን። ጣትዎ ጫፉን ከነካ ቁልቁለት ላይ ጥፍርዎን ያጣሉ።

ሁለተኛ፦ አገርዎ ላይ ይፈትኑት። ጉዞው ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጓዝዎን በጀርባ አዝለው፣ የወገራን ጭቃና ኮረት ያስረግጡት። የሚገነጠል ሶል መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቢገነጠል ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ቁልቁለቱን ያክብሩ። ከጨነቅ ተነስተው ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የቧሂትን መተላለፊያ ካለፉ በኋላ እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ ነው። ተረከዝ የሚመታው፣ ጥርስ የሚበላው፣ ስፌት የሚለቀው እዚያ ነው። መውረድ ሳይጀምሩ ቆም ይበሉና ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ በኮረቱ ላይ አይንሸራተቱ። (ይህን መንገድ በኮንጎ ጫማ የሚመላለሱትን የስሜን ፓርክ ስካውቶች አይተው አይቅኑ፤ የእነሱ እግር ከልጅነት የተገራ ነው።)

አራተኛ፦ እሳት ዳር አያድርቁት። በበጋ ግጭና ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የረጠበ ጫማ ይዞ እሳቱን ላለመጠጋት መታገስ ይከብዳል። ግን ሙቀቱ ማስቲሹን ያላላዋል፣ ቆዳውንም ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ክሩን ፈትተው፣ የውስጡን ንጣፍ አውጥተው፣ ደረቅ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት፤ ወረቀቱ ሲርስ ይለውጡት። ጠዋት ንፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ያኑሩት።

አምስተኛ፦ መንገድ ላይ ከተገነጠለ በገመድ ይሰሩት። በእርጥብና በአቧራማ ሶል ላይ ማስቲሽ አይዝም። ሁለት ሜትር የናይለን ገመድ ይያዙ፤ አንዴ በጣቶቹ በኩል፣ አንዴ በመሃል እግር ጠምጥመው ቋጠሮውን ከላይ ያድርጉት፣ ከሥር ከሆነ ድንጋዩ ይበጥሰዋል። በሻንጣዎ ውስጥ ቀላል ኮንጎ ቢኖር ወንዝ መሻገሪያም፣ የክፉ ቀን ጫማም ይሆናል።

ስድስተኛ፦ ሲመለሱ ጭቃውን በብሩሽ አጥበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ቆዳውን ቅባት ያስነኩት። የለቀቀ ሶል ካለ ለጫማ ሰፊ ሲሰጡ ማስቲሽ ብቻ አይበቃም፤ ዙሪያውን በክር ያሰፉት። ስፖንጁ ከሞተ ግን ማሰፋቱ ገንዘብ ማባከን ነው። ጥርሱ ብቻ ካለቀ አንዳንድ ሰፊ የመኪና ጎማ ቆርጦ ሊለጥፍልዎ ይችላል፤ ብዙ ያገለግላል፣ ነገር ግን ደረቅ ስለሆነ አይታጠፍም፣ እርጥብ ድንጋይ ላይም አይቆነጥጥም። እንዲህ የተሠራውን ለእርሻና ለገበያ ያድርጉት፤ እሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ላይ ግን ይዘውት አይውጡ።