በመንገድ ላይ ለወደቀ ሰው የሚገባ ርዳታ

እንግዳን ተቀብሎ እግሩን ማጠብ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ዳሩ ግን በመኪና አደጋ የወደቀውን መንገደኛ ብዙዎች «ገጪው አንተ ነህ እባላለሁ» ብለው በፍርሃት ሲያልፉት አያለሁ። ሕጉ ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት ሲችል አውቆ ጥሎ የሄደውን ነው።

ርዳታም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ለሚመጡት መኪናዎች ራቅ ብሎ ምልክት ማሳየት፣ ከዚያም በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት፣ የሚደማውንም ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። እሳት ካላሰጋ በቀር ቁስለኛውን መጎተት አይገባም፤ አከርካሪው ተሰብሮ እንደ ሆነ ጉዳቱ ይብሳልና።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ርኅራኄን ከዕውቀት ጋር ይዘን እንቁም፤ ስሙን ባናውቀውም እናቱ ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቀዋለች።