ከፍቺ በኋላ ሥራ ፈላጊዋ እኅትና የቁምስናችን ኃላፊነት



ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የማይፈታ ቃል ኪዳን መሆኑን ታስተምራለች። ይህ እውነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረው በፍርድ ቤት ውሳኔ የተፋቱ እኅቶች በየቁምስናችን ይገኛሉ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ እነርሱ ግን ከቤት ውጭ ተቀጥረው ስለማያውቁ የሚያቀርቡት የሥራ ልምድ ማስረጃ የላቸውም። እንዲህ ያለች እኅት በሃምሳ ዓመቷ ምን ሠርታ ትደር? ቁምስናውስ ምን ሊያደርግላት ይችላል?

1. በቤተ ክርስቲያን ያላት ስፍራ

የተፋታ ሰው ሁሉ ከቅዱስ ቁርባን የተከለከለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት «ፋሚሊያሪስ ኮንሶርሲዮ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክር (ቁ. 83) እንዳስተማሩት፣ ተፋትቶ ሌላ ጋብቻ ያልፈጸመን ሰው ፍቺው ራሱ ከምስጢራት አያግደውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2383) ሕጋዊ መብትን ወይም የልጆችን አያያዝ ለማስጠበቅ ሌላ መንገድ ሲታጣ፣ የመንግሥት ፍቺ ሊፈቀድ እንደሚችል ይገልጻል።

ይህን ማስተማር ከእንጀራዋ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራ በአብዛኛው የሚገኘው ሰው ለሰው ሲነግር ነው። ሐሜት ፈርታ ከቅዳሴ፣ ከማኅበርና ከእድር የራቀች ሴት ወሬው አይደርሳትም፤ ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለዕቃ ቤት ጠባቂነት ብትታጭም ዋስ የሚሆናት አታገኝም።

2. የለፋችበትን በስሙ መጥራት

በዚያው ዓመት የወጣው «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» የተባለው መልእክት (ቁ. 9) ሴቶች በቤት ውስጥ የሚሸከሙት የዕለት ተዕለት ድካም ሥራ መሆኑን፣ አንዳንድ ጊዜም ተገቢውን ዕውቅና እንደማያገኝ ያስገነዝባል። ስለዚህ «ሥራ አላውቅም» ለምትል እኅት መምህሩ ዝርዝር ጥያቄ ያቅርብላት፦ ለስንት ሰው ታበስል ነበር? የወሩን አስቤዛ እንዴት ታብቃቃ ነበር? ማንን አስታመመች? መልሱ በወረቀት ሲሰፍር ለትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ለሕፃናት ማቆያ ወይም ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚሆን ችሎታ ሆኖ ይገኛል።

3. ልታውቀው የሚገባት ሕግ

ሀ) በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁ. 213/1992) በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት፣ በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጥራል፤ ክፍፍሉም በመሠረቱ እኩል ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በየአካባቢው መጠየቅ ያሻል። ድርሻዋ ለአነስተኛ ንግድ መነሻ ሊሆናት ይችላል።

ለ) በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁ. 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። በግለሰብ ቤት የሚሠሩ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ ደመወዙንና የዕረፍት ቀኑን አስቀድማ በምስክር ፊት ትዋዋል።

ሐ) በግል ድርጅት የምትቀጠር ሴት የጡረታ መውጫ ዕድሜዋ 60 ነው፤ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ52 ዓመቷ ሥራ የምትጀምር እኅት ይህን ስለማትሞላ፣ ከመጀመሪያው ደመወዟ ጀምራ በቁጠባና ብድር ማኅበር እንድትቆጥብ ትመከር።

4. የእኛ ድርሻ

ምጽዋት የወሩን ቀለብ ይሸፍናል፤ የሚቀጥለው ወር ግን መልሶ ያስለምናታል። ስለዚህ ቁምስናው ሦስት ነገር ያድርግ፦ ክፍት ሥራዎችን ከቅዳሴ በኋላ ያሳውቅ፤ ጠባይዋን የሚመሰክር ደብዳቤ ይስጣት፤ ከምእመናን መካከል ዋስ ይፈልግላት። እኅታችን በላቧ ስትበላ አንገቷን ቀና አድርጋ በመካከላችን ትቆማለች።

ለውይይት

በቁምስናችን ከፍቺ በኋላ የራቀች እኅት አለችን? ማን ይጎብኛት?

በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ለአንዲት እኅት ሥራ ለማግኘት ማኅበራችን ምን ያደርጋል?