ዝናም የማይደርስበት ጣራ

በላስታ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በጽድ ደን መካከል የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ በአክሱማውያን የሕንፃ ሥርዓት፣ ጠቆር ያለ ዕንጨትና በነጭ ልስን የተለበጠ ድንጋይ ተራ በተራ እየተነባበረ የታነጸ ነው። ያሳነጸውም ክህነትን ከንግሥና አስተባብሮ ይዞ የኖረው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ጥቅምት 19 ቀን የምታስበው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ስሙም «ክርስቶስ ይምራን» የሚል ጸሎት ነው።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ታግሦ ሽቅብ ቢመለከት፣ በመስቀልና በልዩ ልዩ ሐረግ ያጌጠውን የዕንጨት ጣራ ያያል። ዋሻው ራሱ ጣራ ነውና ዝናም አይደርስበትም፣ ፀሐይም አይመታውም፤ ለመጠለያነት ብቻ ቢታሰብ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር። እነዚያ ጠቢባን ግን፣ የማያፈስ ዋሻ አዘጋጅቶ የቆያቸውን አምላክ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ሥራቸውን አሳምረው አመሰገኑት። አኰቴት የሚባለው፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ይህን የመሰለው ትርፍ ድካም ነው።

ወደዚያ ስሄድ በመንገዱ ላይ አንዲት አሮጊት አግኝቼ «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው ዘንድሮ ውርጭ ገብሱን እንደ መታባቸው ነገሩኝ። በአገራችን ምስጋናው ይቀድማል፣ ችግሩ ይከተላል። ይህን ልማድ ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ፤ እኔ ግን አፍ የለመደው ቃል፣ ልብ በደከመበት ቀን ሰውን ደግፎ እንደሚያቆም አምናለሁ።

ሆኖም ቃሉ ከልብ እንዲወጣ፣ ስለ ምን እንደምናመሰግን ለይተን ማወቅ ይገባናል። በቅዳሴያችን የሚደርሰው ጸሎተ አኰቴት፣ ልመናውን ከማቅረቡ አስቀድሞ፣ አምላክ የሸፈነበትን፣ የረዳበትንና የጠበቀበትን ቸርነት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ማታ ለጸሎት ስትቆም፣ የነገውን ከመለመንህ በፊት፣ የዛሬውን በስሙ ጥራው፦ ትኩሳቱ የበረደለትን ልጅህን፣ ሳትጠይቀው ሸክምህን ያገዘህን ጎረቤት፣ ጠዋት ከደጅህ የቀዳኸውን ውኃ። የምትጠራው ቢያጥርብህም አትደንግጥ፤ አንዱን በእርጋታ ማሰብ፣ ብዙውን ቸኩሎ ከመቍጠር ይበልጣል።

እኒያን እናት ስመለስ ከዋሻው ደጅ አገኘኋቸው። ከመቋጠሪያቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው፣ «እንካ፣ መንገድ ላይ ትበላዋለህ» ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።