የእርሻ መሣሪያ ንድፍና አመራረት፦ የመደብና ቦይ ማውጫ ምሳሌ

መግቢያ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው የእርሻ መሣሪያ ሲያሠሩ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ነገር ግን መሣሪያው ለበሬው ከከበደ፣ ወይም ሲሰበር በአካባቢው የሚጠግነው ከታጣ፣ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሠራበት ከጎተራ ሥር ይጣላል፤ የአባላቱም ገንዘብ አብሮ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ አንድ መሣሪያ ከሐሳብ ተነሥቶ ከገበሬው እጅ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እንገልጻለን። ለምሳሌ የወሰድነው በጥቁር አፈር ላይ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣውን፣ በተለምዶ ቢቢኤም የሚባለውን መሣሪያ ነው።

1. ችግሩን ለይቶ ማወቅ

ጥቁር የዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቆ ዘግይቶ ይዘራል፤ ሰብሉም በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በእጃቸው መደብ እያወጡ ውኃውን ማጠንፈፍ ልማዳቸው ነው፤ ሥራው ግን የመላውን ቤተሰብ ጉልበት ይጠይቃል። እንግዲህ ያስፈለገው በእጅ የሚወጣውን መደብ በበሬ ጉልበት የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። ችግሩ እንዲህ ባጭሩ ካልተጻፈ ንድፍ መጀመር አይገባም።

2. መመዘኛ ማውጣት

ሀ) ጉልበት፦ በሬ ለረጅም ሰዓት ሳይደክም መሳብ የሚችለው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት በሬዎች ቢጠመዱ፣ የመሳብ ኃይላቸው 60 ኪሎ ያህል ይሆናል።

ለ) ልክ፦ ከአንዱ ቦይ መሐል እስከ ሌላው ቦይ መሐል 120 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 80ው ለመደቡ፣ 40ው ለቦዩ ነው።

ሐ) አያያዝ፦ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን እንደሚሸከም ሁሉ ተሸክሞት ከማሳው መድረስ አለበት።

መ) ጥገና፦ ቢጎብጥ ወይም ቢሰበር የአካባቢው ቀጥቃጭ ሊያቃናው ይገባል።

3. ናሙና ሠርቶ መፈተን

በህንድ አገር ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ማዕከል ለዚሁ ሥራ ጎማ ያለው በበሬ የሚሳብ መሣሪያ ሞክሮ ነበር። ይህ ግን ለአገራችን አነስተኛ ገበሬ ውድና ከባድ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የነበረው ኢልካ ከአገር ውስጥ ተቋሞች ጋር በመተባበር ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምሮ ቢቢኤም ሠራ። ሞፈሩም፣ እርፉም፣ ቀንበሩም ገበሬው የሚያውቃቸው ነበሩ። መደቡ በደንብ ወጣ፤ ሆኖም ጥምሩ ከባድና ለመሸከም የማይመች መሆኑን ገበሬዎች ገለጹ። በኋላም በአንድ ማረሻ ላይ የሚገጠሙ፣ የብረት ክንፍ ያላቸው ቀለል ያሉ ዓይነቶች ተሠሩ። ከዚህ የምንረዳው የገበሬው ቅሬታ ራሱ የንድፍ ሥራ ክፍል መሆኑን ነው።

4. ማምረት

ናሙናው ከጸደቀ በኋላ ልኩ የተጻፈበት ሥዕል ይዘጋጃል። ከዚያም ብረቱ የሚቆረጥበትና ቀዳዳው የሚበሳበት አንድ ወጥ አብነት ከጠንካራ ላሜራ ይሠራል። እያንዳንዱ ክንፍ በዓይን ግምት ከተሠራ የአንዱ ክንፍ ለሌላው አይገጥምም፤ መለዋወጫም ሊኖር አይችልም። ብሎኖቹ በሙሉ አንድ መጠን ቢሆኑ ገበሬው በአንድ ቁልፍ ፈትቶ ይገጥማል።

5. ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት ማሳሰቢያ

• ከማዘዝ በፊት ጥቂት ናሙናዎችን በተለያዩ ገበሬዎች ማሳ ላይ አንድ ሙሉ ክረምት ፈትኑ። የደከመ በሬና ጭቃማ ማሳ ያለው ገበሬ ከፈተናው አይቅር።

• በውሉ ላይ ልኩን፣ የብረቱን ውፍረትና የመለዋወጫውን አቅርቦት አስጽፉ።

• በርክክብ ጊዜ ከክምሩ ውስጥ የተወሰኑትን ያለ ምርጫ አንሥታችሁ ክንፎቻቸውን እያለዋወጣችሁ ግጠሙ። ካልገጠሙ አትረከቡ።

ማጠቃለያ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሳይፈተን በብዛት የታዘዘ መሣሪያ ጉዳቱ የሚታየው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መሣሪያውን ለማረም ጊዜ አይኖርም፤ የዘሩም ወቅት ያልፋል። ስለዚህ የንድፉ ሥራ በበጋ ተጀምሮ፣ ገበሬውም ከመጀመሪያው ሐሳብ አንሥቶ እንዲሳተፍበት ማድረግ ያስፈልጋል።